960 ፒክስል፦ ዊኪፔዲያ ጽሑፉን ሲያጠብ ግራና ቀኝ የተረፈው ባዶ ቦታ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2023 (ጥር 10 ቀን 2015 ዓ.ም.) የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በኮምፒውተር ለሚከፍቱት ሁሉ መልኩን ለወጠ። አዲሱ መልክ ቬክተር 2022 ይባላል፤ የተካው ደግሞ ከ2010 ጀምሮ ሲያገለግል የቆየውን የቀድሞውን ቬክተር ነው። የጎን ሜኑው የሚታጠፍ ሆነ፣ የጽሑፉ ማውጫ ወደ ግራ ጎን ተዛወረ፣ የቋንቋ መምረጫው ርዕሱ አጠገብ ወጣ። ከዚህ ሁሉ ግን ብዙ ያነጋገረው አንድ ቁጥር ነበር። የጽሑፉ ዓምድ ከ960 ፒክስል (ስክሪኑ ከተሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች) በላይ እንዳይሰፋ ተገደበ። ሰፊ ስክሪን ያላቸው ሰዎች የለመዱትን ጽሑፍ ሲከፍቱ ግራና ቀኙ ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው፤ ቅሬታውም ወዲያው ጀመረ።

በድረ ገጽ ንድፍ ስለ ባዶ ቦታ፣ ዋይት ስፔስ ስለሚባለው፣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ገጹ ይተንፍስ» የሚል ጥቅል ምክር ነው። የዊኪፔዲያ ጉዳይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ኮዱም ክርክሩም ለማንም ክፍት ነው፤ መጠኑም በቁጥር ስለሚታወቅ ማን ልክ እንደነበር በስሌት መፈተሽ ይቻላል። የእኛ ፍርድ ይህ ነው፦ ጽሑፉን ማጥበቡ ልክ ነበር። ጉድለቱ ያለው የተረፈው ቦታ ሥራ ሳይሰጠው መቅረቱና አንባቢው ስፋቱን በራሱ የሚወስንበት መንገድ መጀመሪያ ላይ አለመጽናቱ ነው።

በቀድሞው መልክ አንድ መስመር ስንት ፊደል ይይዝ ነበር?

በቀድሞው ቬክተር የጽሑፉ መጠን 14 ፒክስል፣ የመስመር ከፍታው የፎንቱ መጠን 1.6 እጥፍ ነበር። የግራው ሜኑ 176 ፒክስል ገደማ ይወስዳል፤ የቀረው ስፋት በሙሉ የጽሑፉ ነው፣ ገደብ የለውም። ስፋቱ 1920 ፒክስል በሆነ ስክሪን ላይ ለጽሑፉ ወደ 1700 ፒክስል ይተርፋል ማለት ነው። የላቲን ፊደል በአማካይ የፎንቱን መጠን ግማሽ ያህል ይይዛል፤ በ14 ፒክስል ፎንት 7 ፒክስል። 1700ን ለ7 ስናካፍል አንድ መስመር ወደ 240 ፊደል ይሆናል።

ድረ ገጾች አካል ጉዳተኞችን ጨምሮ ለሁሉም እንዲመቹ የወጣው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ (WCAG) በአንቀጽ 1.4.8 አንድ መስመር ከ80 ፊደል እንዳያልፍ ይመክራል፤ ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛና ለኮሪያኛ ደግሞ 40። ይህ በመመሪያው ከፍተኛው እርከን ያለ መስፈርት ስለሆነ ሁሉም ድረ ገጽ አይገደድበትም፤ ሆኖም 240 ፊደል ሦስት እጥፍ ነው። 1366 ፒክስል ስፋት ባለው ተራ ላፕቶፕ እንኳ መስመሩ 170 ፊደል ይደርስ ነበር።

ረጅም መስመር የሚጎዳው በመመለሻው ላይ ነው። ዓይን የመስመሩ መጨረሻ ሲደርስ ወደ ግራ ተመልሶ ቀጣዩን መጀመሪያ መያዝ አለበት። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ሁለቱ መስመሮች በቁመት ያላቸው ርቀት ከመንገዱ አንጻር እየመነመነ ይሄዳል፤ 1700 ፒክስል ተጉዞ 22 ፒክስል ብቻ ዝቅ ማለት ቀላል አይደለም። አንባቢው ያነበበውን መስመር ደግሞ ያነባል፣ ወይም አንዱን ይዘላል። አብዛኛው ሰው ይህን «ጽሑፉ ከበደኝ» ብሎ ነው የሚገልጸው፤ የስፋት ጉዳይ መሆኑ አይታየውም። የመስመር ስፋትና የመስመር ከፍታ ተነጣጥለው የማይወሰኑትም ለዚህ ነው። መስመሩ ሲረዝም በመሐል ያለው ክፍተት አብሮ መጨመር አለበት። መስመሩ አጭር ከሆነ 1.4ም ይበቃል።

ለምን 960?

ሥራው ዊኪፔዲያን በሚያስተዳድረው በዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን የተጀመረው በ2019 ነው። በ2020 አስቀድመው ለመሞከር ፈቃደኛ በሆኑ ፕሮጀክቶች ላይ ዋለ፤ ከእነሱም መካከል የፈረንሳይኛው፣ የዕብራይስጡ፣ የፋርስኛውና የባስክኛው ዊኪፔዲያ ይገኛሉ። ዕብራይስጥና ፋርስኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፉ ክፍተቶቹ ሁሉ ተገልብጠው መሥራታቸው ገና ከጅምሩ ተፈትኗል።

መመሪያው 80 ካለ ታዲያ 960 ፒክስል ለምን ተመረጠ? በ14 ፒክስል ፎንት 960 ፒክስል 137 ፊደል ይይዛል፤ ከ80 አሁንም ሩቅ ነው። መልሱ ዊኪፔዲያ እንዴት እንደሚነበብ ስንመለከት ይገኛል። ሰው ጽሑፉን ከራስጌ እስከ ግርጌ እንደ ልብ ወለድ አያነበውም። ቁጥር ይፈልጋል፣ ሰንጠረዥ ያያል፣ ሥዕል ይከፍታል፣ ርዕስ ከርዕስ ይዘልላል። በቀኝ በኩል የመረጃ ሣጥን ሲኖር ደግሞ እሱ ብቻውን ከ270 ፒክስል በላይ ስለሚወስድ ከጎኑ ያለው መስመር ወደ 95 ፊደል ይወርዳል። ዓምዱ 560 ፒክስል ቢደረግ ኖሮ መስመሩ ባዶውን 80 ይሆን ነበር፤ ሣጥን ሲገባበት ግን ከጎኑ የሚተርፈው 40 ፊደል ብቻ ነው፣ ሰንጠረዦቹም አይገቡም። 960 ለንባብና ለፍለጋ የተደረገ ስምምነት ነው፤ እንደ ስምምነት ደግሞ ጥሩ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ብዙም ያልተወራለት ሌላ ውሳኔ ይበልጥ ያስተምራል። የለውጥ ታሪክ፣ የቅርብ ጊዜ ለውጦችና መሰል ገጾች ገደቡ አልተደረገባቸውም፤ ሙሉውን ስፋት ይይዛሉ። ምክንያቱም እነዚያ የሚቃኙ ዝርዝሮች እንጂ የሚነበቡ አንቀጾች አይደሉም። በዝርዝር ላይ ዓይን የሚሮጠው ወደ ታች ነው፤ የመስመር መመለሻ ችግር የለም። አንድ የባንክ ወይም የመጋዘን ሲስተም የሚሠራ ሰው የብሎግን ክፍተት ወስዶ ሰንጠረዥ ላይ ቢጭን፣ ሠራተኛው በአንድ ጊዜ 40 ረድፍ ያይ የነበረውን 15 ያደርግበታል። ባዶ ቦታ የሚለካው ገጹ በሚሠራበት ሥራ ነው።

ቅሬታው ውስጥ የነበረው እውነት

በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ የቀድሞው መልክ ይመለስ የሚል ሰፊ ውይይት ተደረገ፤ አዲሱ መልክ ግን ባለበት ቀጠለ። ከልማድ የመጣውን ወደ ጎን ብንተወው ሁለት ነገር ይቀራል።

አንደኛው ዳርቻው ነው። ጽሑፉ ነጭ፣ ጀርባው ነጭ፣ በመካከላቸው ድንበር የለም። የተዉት ቦታ በዓላማ የተተወ መሆኑን የሚነግር ነገር ካላገኘ ዓይን «ገጹ አልሞላም» ብሎ ይረዳዋል። ወረቀት ላይ ይህ ችግር አይመጣም፤ የመጽሐፍ ኅዳግ በወረቀቱ ጠርዝ ስለሚያልቅ መጠኑ ይታወቃል። ስክሪን ላይ ግን ኅዳጉ የሚያልቀው ሞኒተሩ ሲያልቅ ነው፤ ሞኒተሩ በሰፋ ቁጥር ባዶው ያለ ልክ ያድጋል። የቬክተር 2022 አጠቃላይ ገጽ ወደ 1600 ፒክስል ገደማ ላይ ይቆማል፤ 2560 ፒክስል በሆነ ስክሪን ታዲያ በእያንዳንዱ ጎን ወደ 480 ፒክስል ምንም የማይሠራ ነጭ ይተርፋል።

ሁለተኛው ቁልፉ ነው። ስፋቱን ወደ ሙሉ የሚመልስ ቁልፍ ከታች በቀኝ ጥግ ነበር፤ ጽሑፍ የሌለው፣ ምልክት ብቻ። ያገኘውም ሰው ቢሆን አካውንት ከሌለው ቀጣዩን ገጽ ሲከፍት ምርጫው ይጠፋበት ነበር። የዚህ ምክንያት ቴክኒካዊ ነው፤ ካሽ (ቀድሞ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የገጽ ቅጂ) የሚጠቀም ድረ ገጽ ያለው ሰው ሁሉ ሊያጋጥመውም ይችላል። ዊኪፔዲያ አካውንት ለሌለው አንባቢ የሚልከው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ካሽ ላይ የተቀመጠ ገጽ ነው። አንዱ ገጽ ለሁሉም ይላካል፤ ሰርቨሩ የእርስዎን ምርጫ አይቶ ለእርስዎ የተለየ ገጽ አይሠራም።

በኋላ መፍትሔው እንዲህ ሆነ። ምርጫው በአንባቢው ብራውዘር ውስጥ በኩኪ (ድረ ገጹ ብራውዘሩ ላይ በሚተወው ትንሽ ማስታወሻ) ይቀመጣል። በገጹ ኮድ ራስጌ ክፍል ውስጥ፣ የሚታየው ይዘት ከመጀመሩ በፊት፣ በጣም አጭር ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) አለች፤ ኩኪውን አንብባ በገጹ ዋና ኤለመንት ላይ ያለውን የክላስ (የመለያ) ስም ትቀይራለች። የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ፣ ሲኤስኤሱ፣ የክላሱን ስም አይቶ 960 ወይም ሙሉ ስፋት ይሰጣል። ቦታው ወሳኝ ነው። ይህችው ስክሪፕት ገጹ ግርጌ ላይ ብትቀመጥ ብራውዘሩ መጀመሪያ ጠባቡን ስሎ ቀጥሎ ወደ ሰፊው ይዘላል፤ ቀስ ባለ ኢንተርኔት ላይ አንባቢው ማንበብ የጀመረው መስመር ከዓይኑ ሥር ይሸሻል። ከካሽ ፕለጊን ጋር በሚሠራ ዎርድፕሬስ ላይ የፎንት መጠን ወይም የጨለማ መልክ ምርጫ የሚያስገቡም በዚሁ መንገድ ቢሄዱ ይሻላል።

ዳርቻው ሥራ ያገኘው ቀስ በቀስ ነው። የገጹ መሣሪያዎች ወደ ቀኝ ዓምድ መጡ። በ2024 ደግሞ የጽሑፍ መጠን፣ ስፋትና ቀለም የሚመረጥበት «ገጽታ» የተባለ ሜኑ እዚያው ቀኝ ዓምድ ላይ ተቀመጠ፤ በጥግ ተደብቆ የነበረው ምርጫ አሁን ስም ያለው፣ የሚነበብ ነገር ሆነ። በዚያው ዓመት አካውንት ለሌላቸው አንባቢዎች መነሻው የጽሑፍ መጠን ከ14 ወደ 16 ፒክስል አደገ። ይህ ለውጥ ዝም ብሎ ያለፈ ቢመስልም በእኛ ዓይን ከሁሉ የበለጠው እርምጃ ነው። ዓምዱ እዚያው 960 ላይ እያለ አንድ መስመር ከ137 ወደ 120 ፊደል ወረደ፤ በመስመሮች መካከል ያለው ርቀትም ከ22 ፒክስል ወደ 26 ሰፋ። በዳርቻ የነበረው ባዶ ቦታ ሳይነካ በጽሑፉ ውስጥ ያለው ጨመረ። አንባቢ ከዳርቻው ይልቅ የሚጠቀመው ከዚህኛው ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ፋውንዴሽኑ ስለ አዲሱ መልክ ካወጣቸው ቁጥሮች አንዱ የፍለጋ አጠቃቀም 30 በመቶ ያህል መጨመሩን ይናገራል። ይህ ግን የፍለጋ ሣጥኑ ቦታና አሠራር ውጤት ነው። የመስመር ስፋት የሚያመጣው ለውጥ በክሊክ ቁጥር አይታይም፤ ስለዚህ «ባዶ ቦታ ጨምረን ሽያጭ በዚህን ያህል አደገ» የሚል ቁጥር ሲገጥምዎት አብሮ ምን ሌላ ነገር እንደተለወጠ ይጠይቁ።

ይህ ስሌት በፊደላችን ሲሠራ

የአማርኛው ዊኪፔዲያም በዚሁ 960 ፒክስል ነው የሚታየው፤ ፊደላችን ግን ከላቲን ሰፊ ነው። አንድ ፊደል በአማካይ የፎንቱን መጠን 0.7 ይይዛል ብለን እናስላ፤ ከፎንት ፎንት ስለሚለያይ በራስ ገጽ ላይ አሥር መስመር ቆጥሮ ማረጋገጥ ነው። በ16 ፒክስል ፎንት አንዱ ፊደል 11.2 ፒክስል ይሆናል፤ 960 ፒክስል ደግሞ ወደ 86 ፊደል። ቻይንኛ 40፣ ላቲን 80 ከተባለ፣ በስፋቱ በመካከላቸው ያለው ፊደላችን ከ45 እስከ 60 ቢሆን እንመርጣለን። ለዜና ወይም ለብሎግ ዓምድ 640 ፒክስል በ16 ፒክስል ፎንት 57 ፊደል፣ በ18 ፒክስል ፎንት 51 ፊደል ይሰጣል። ሁለቱም ጥሩ ነው፤ ዕድሜያቸው የገፋ አንባቢዎች ላሉት ገጽ 18ቱ ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠለፍበት ወጥመድ አለ። በሲኤስኤስ የዓምድ ስፋትን «ሲኤች» በሚባለው መለኪያ መስጠት የተለመደ ነው። ሲኤች የሚለካው በዜሮ አኃዝ ስፋት ነው፤ ዜሮ ደግሞ በብዙ ፎንቶች የፎንቱን መጠን 0.57 አካባቢ ይይዛል። ስለዚህ 75 ፊደል እፈልጋለሁ ብሎ 75 ሲኤች የጻፈ ሰው በአማርኛ የሚያገኘው 61 ገደማ ነው። በዚያ ላይ ሲኤስኤሱ ውስጥ መጀመሪያ የተጠራው የላቲን ፎንት ከሆነ ዜሮው የሚለካው በእሱ ነው፤ የላቲኑ ፎንት ሲቀየር የአማርኛው ዓምድ ያለ ምክንያት ይሰፋል ወይም ይጠባል። ለአማርኛ ገጽ ስፋትን በሬም (በገጹ መነሻ የፎንት መጠን በሚለካው አሃድ) መስጠት ይሻላል፤ መነሻው 16 ፒክስል ሲሆን 640 ፒክስል 40 ሬም ነው።

የመስመር ከፍታው ጉዳይ ከዚህም ይበልጣል። የላቲን ትንንሽ ፊደላት እንደ ኤ፣ ኢ እና ኦ ያሉት አጫጭር ስለሆኑ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ፎንቱ ራሱ ነጭ መቀነት ይተዋል። የእኛ ፊደል ትንሽና ትልቅ የሚባል የለውም፤ «ሀ»ም «ጠ»ም «መ»ም ከላይ እስከ ታች ቦታውን ይሞላሉ፤ የዲቃላ ፊደላት ቅጥያዎች፣ እንደ «ሏ» እና «ቷ» ያሉት ደግሞ ከታች ይጨምራሉ። ያ የተፈጥሮ መቀነት ስለሌለ ለላቲን የተመቸው 1.5 በአማርኛ ጥቅጥቅ ይላል። 1.7 ወይም 1.75 መነሻ ይሁን፤ በ16 ፒክስል ፎንት 1.75 ማለት 28 ፒክስል ነው። ርዕሶች ግን ሌላ ናቸው። 32 ፒክስል የሆነ ባለ ሁለት መስመር ርዕስ ይህንኑ 1.75 ከወረሰ መስመሮቹ ተለያይተው ሁለት ርዕስ ይመስላሉ፤ ለርዕስ 1.3 ተብሎ ለብቻው መሰጠት አለበት።

ፎንቱ ራሱ ከገጹ ጋር ካልተላከ ደግሞ ይህ ሁሉ ስሌት ይናጋል። ዊንዶውስ ላይ ንያላ ወይም ኢብሪማ፣ ማክ ላይ ከፋ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ሊመጣ ይችላል። ንያላ በተመሳሳይ ቁጥር ከሌሎቹ አንሶ ይታያል፤ ስለዚህ በኢብሪማ ልክ የነበረው ክፍተት በንያላ የተበታተነ ይመስላል። አንድ ፎንት መርጦ ከገጹ ጋር መላክ ነገሩን ይቋጨዋል።

ግራና ቀኙን እኩል ማስተካከል፣ ጀስቲፋይ የሚባለው፣ በአማርኛ ድረ ገጽ ላይ ሊቀር ይገባል። «እንደማያስፈልጋቸው» የሚለው ቃል 11 ፊደል ነው፤ በ16 ፒክስል 123 ፒክስል። ስፋቱ 360 ፒክስል በሆነ ስልክ ላይ ከግራና ከቀኝ 16 ፒክስል ከተተወ 328 ፒክስል ይቀራል፣ ይህም ወደ 29 ፊደል። ያ ቃል መስመሩ መጨረሻ ላይ አልገባ ብሎ ሲወርድ እስከ 10 ፊደል የሚደርስ ባዶ ይተርፋል፤ ጀስቲፋይ ያንን በቀሩት ሦስትና አራት ቃላት መካከል ያካፍለዋል። በአንቀጹ ውስጥ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነጭ ስንጥቅ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ተደራሽነት መመሪያውም በዚያው በ1.4.8 ጽሑፍ በሁለቱም ጎን እኩል እንዳይደረግ ይላል።

ክፍተቶቹን መስጠት

መጀመሪያ ጥቂት ደረጃዎችን ወስኖ ከእነሱ አለመውጣት ነው፤ 8፣ 16፣ 24፣ 32፣ 48 እና 64 ፒክስል ለአብዛኛው ገጽ ይበቃሉ። ንዑስ ርዕስ ከላዩ 48፣ ከታቹ 8 ወይም 16 ቢኖረው የየትኛው አንቀጽ ራስ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ከላይም ከታችም 24 ከሆነ ርዕሱ በመሐል ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ በአማርኛ ድረ ገጾች ላይ በብዛት የምናየው ይህ ነው። ሥዕልና የሥዕል መግለጫም እንዲሁ፤ መግለጫው ለሥዕሉ 8፣ ለቀጣዩ አንቀጽ 32።

ቁጥሩን ጽፈው ስክሪኑ ላይ ሌላ ነገር ካዩ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የማርጂን (ከአንድ ክፍል ውጭ የሚተወው ክፍተት) መዋሃድ ነው። ከላይ ያለው አንቀጽ ከታች 16፣ ከሥሩ ያለው ርዕስ ከላይ 32 ማርጂን ካላቸው፣ ድምሩ 48 አይሆንም፤ ትልቁ ብቻ ተወስዶ 32 ይሆናል። ፍሌክስ ወይም ግሪድ በሚባሉት የሲኤስኤስ አደራደሮች ውስጥ ግን አይዋሃዱም፣ 48 ይሆናሉ። አንድ ክፍል ወደ ፍሌክስ ሲቀየር ገጹ ድንገት የሚረዝመው ለዚህ ነው። ክፍተትን በተደጋጋሚ ብሬክ (የመስመር መስበሪያ ምልክት) ወይም በባዶ አንቀጽ መፍጠር ደግሞ በኮምፒውተር ላይ ቢያምርም ስልክ ላይ ይበላሻል፤ ማስተካከልም የሚቻለው አንድ በአንድ ብቻ ነው።

ቁልፎች ላይ ቋሚ ቁመት አይስጡ። 40 ፒክስል ቁመት የተሰጠው ቁልፍ በእንግሊዝኛ ልክ ሊሆን ይችላል፤ «የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ» የሚለው በጠባብ ስክሪን ሁለት መስመር ሲሆን ግን 56 ፒክስል ስለሚፈልግ ጽሑፉ ከቁልፉ ይወጣል ወይም ይቆረጣል። ዝቅተኛ ቁመት 44 ፒክስል ብሎ ከላይና ከታች 8 ፒክስል ፓዲንግ (የውስጥ ክፍተት) መስጠት በቂ ነው፤ ቁልፉ ከጽሑፉ ጋር ያድጋል።

ገጹን ከማውጣት በፊት በ360፣ በ768፣ በ1366 እና በ1920 ፒክስል ስፋት መክፈት ያስፈልጋል። በ1920 ላይ ዳርቻው ያለ ሥራ ከተረፈ ማውጫውን ወይም ተዛማጅ ጽሑፎችን እዚያ ማውጣት፣ አለዚያም ለጀርባው ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሰጥቶ የዓምዱን ድንበር ማሳየት ነው። በ360 ላይ ደግሞ ለኮምፒውተር የተሰጠው የ64 ፒክስል ጎን ሳይቀነስ መምጣቱን ይመልከቱ፤ ከመጣ ለጽሑፉ 232 ፒክስል ብቻ ይቀራል፣ ይህም 20 ፊደል ነው፤ «እንደማያስፈልጋቸው» ብቻውን ግማሹን ይወስዳል። በመጨረሻም 1280 ፒክስል ስፋት ባለው መስኮት ብራውዘሩን 400 በመቶ ያጉሉ፤ ገጹ 320 ፒክስል ስፋት እንዳለው ሆኖ ይታያል። ወደ ጎን ስክሮል ማድረግ ካስፈለገ አንድ ቦታ ላይ ቋሚ ስፋት የተሰጠው ነገር አለ፤ ስክሮል ሲደረግ አንባቢውን እየተከተለ ከላይ የሚቆየው ራስጌ ከስክሪኑ ሲሶውን ከያዘም በዚህ ስፋት ላይ መከተሉን እንዲያቆም ማድረግ ነው።